የእትዬ በለጡ የመድን ካርድ

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018

ዛሬም «የለም» ተባልን። ይሄ ሦስተኛ ወር ነው።

ጎረቤቴን እትዬ በለጡን ይዤ ጤና ጣቢያ የሄድኩት በጠዋት ነበር። ሐኪሙ ደም ግፊታቸውን ለክቶ መድኃኒት ጻፈላቸው። መድኃኒት መስጫው መስኮት ጋ ያለችው ልጅ ግን የጤና መድን ካርዳቸውን ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «የለም፣ ከውጭ ግዙ» አለችን። ከውጭ የሚገዙበት ቢኖራቸው መድኑ ምን ሊያደርግላቸው ነው? ማዶ ያለው የግል መድኃኒት ቤት መደርደሪያው ሞልቶ ተርፏል!

ይበልጥ የሚያበግነኝ መድኑን መርገም አለመቻሌ ነው። አምና ባለቤቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ስታደርግ ሆስፒታሉ ቤሳ ቤስቲን አልጠየቀንም። እሱን አይቼ ነው የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ ብዬ ስብሰባ ላይ ተነስቼ የሰፈራችንን የሀና ማርያምን ሰው «ግቡ፣ ግቡ» ያልኩት። እትዬ በለጡን ያስመዘገብኳቸው እኔ ነኝ። ለካርዱ ፎቶ ያስነሳኋቸው ሳይቀር እኔ። እሑድ ደግሞ እዚያው ስብሰባ ላይ ቆሜ «መድኑን አድሱ» ልበል? በምን አፌ?

እትዬ በለጡ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ስንመለስ ክንዴን ይዘው፣ ቅር ያላቸው እንኳ ሳይመስሉ፣ «ልጄ፣ ብሞት የዕድሩ ድንኳን በሰዓቱ ይተከላል አይደል?» አሉኝ።

«ይተከላል» አልኳቸው። የድንኳኑ ዕቃ ቤት ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር።