ፍሬን እንዳይሰማ ስለተፈቀደለት ጆሮዬ

ለተከበሩ የጋራዥ ፈቃድ ሰጪ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎና ለማኅተምዎ ደኅንነት ያለኝን መልካም ምኞት በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ። እኔ ሶዶ ከመናኸሪያው በላይ ትንሽ ጋራዥ ያለኝ፣ ገበየው የምባል ሞተር አስተካካይ ነኝ። ካንዴላ እቀይራለሁ፣ ሚኒሞ አስተካክላለሁ፤ የሚንተፋተፍ ሞተር ጸጥ ብሎ እንዲሠራ አደርጋለሁ። ግድግዳዬ ላይ የተሰቀለው ፈቃድ እንደሚለው ከዚህ ያለፈ ነገር አይመለከተኝም። በአደባባይ የምጽፍልዎም ደጋግሜ ቢሮዎ ብመጣ ስብሰባ ላይ ነዎት ስለተባልኩ ነው፤ እግዚአብሔር ስብሰባዎን ይባርክ።

አንደኛ፣ ምስጋና ላቅርብ። ባለፈው ክረምት የአንድ ደንበኛ ጎማ ፈትቼ ፍሬኑን በማየቴ ሠራተኞችዎ መጥተው ጋራዤን አሸጉት። ሞተር የሚያስተካክል ሰው ሌላ ብልሽት መመርመር እንደሌለበት፣ ለዚያ ሌላ ባለሙያና ሌላ ፈቃድ እንዳለ በትዕግሥት አስተማሩኝ። ትምህርቱ በደንብ ገብቶኛል። ከዚያ ወዲህ የማየው ሞተሩን ብቻ ነው፤ ሞተሩ የተቀመጠበት መኪናና መኪናው ላይ የሚቀመጠው ሰው በእርስዎ ክፍል በኩል እንደሚታዩ አምኜ አርፌ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛ፣ የቶማ ጉዳይ ነው። ቶማ ከሶዶ ገሱባ የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው፤ አሁን ያለው ግን ፖሊስ ጣቢያ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ማለዳ ሚኒባሷ ቆም ስትል ሞተሯ እየጠፋ፣ ሚኒሞ አልይዝ ብላው መጣ፤ አስተካከልኩለት። ግቢ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሳደርጋት ከፊት ቀኝ ጎማዋ በኩል ብረት ከብረት ሲፋጭ ሰማሁ። የፍሬኗ ሸራ አልቋል፤ ይህን ደግሞ ጆሮ ያለው ሁሉ ያውቀዋል። ቶማ ተሳፋሪ እየጠበቀው ስለነበር ቁልፉን ተቀብሎ፣ እግሩን መኪናዋ ላይ አድርጎ፣ “ሳሮ?” አለኝ። እኔም “ሳሮ” አልኩት።

ክቡርነትዎ የሶዶ ሰው ስለሆኑ ይህን ቃል አላስተምርዎትም። አባቴ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ሲከፍት መጀመሪያ የለመደው የወላይትኛ ቃል እሱ ነው። ሰላም ነው ወይ ሲባል ሰላም ነው ይባላል፤ ቤቱ የሚቃጠልበት ሰው እንኳ ሳሮ ካለ በኋላ ነው እሳት አጥፉልኝ የሚለው። ቶማ የጠየቀኝ ስለ መኪናዋ ነበር። እኔ የመለስኩለት ሰላምታ ነው። ቢያንስ ሰላምታ ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

ገሱባ ሳይደርሱ ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለ። ቶማ ገበያተኛው ላይ እንዳይወጣ መሪውን ጠምዝዞ መኪናዋን ከቦይ አስገባት። ሌላው ተሳፋሪ ትንሽ ተጫጭሮ ወጣ፤ ቦዬ የሚባለውን ሥራሥር ለመሸጥ ይሄዱ የነበሩት ወይዘሮ ፈጠነች ግን እግራቸው ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተዋል። ልጠይቃቸው ብሄድ፣ መኪናዋን የሸኘኋት እኔ መሆኔን ሳያውቁ እጄን ይዘው “ተባረክ” አሉኝ። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

የክፍልዎን ብልሃት ያደነቅሁት ከዚህ በኋላ ነው። ቶማ “ገበየው ሳሮ ብሎኛል” ብሎ ቃሉን ሲሰጥ፣ እናንተ ይህችን ቃል ተቀብላችሁ “ተሽከርካሪው ከአደጋው በፊት ሙሉ ጤነኛ እንደነበር በባለሙያ ስለተረጋገጠ ጥፋቱ የአሽከርካሪው ነው” የሚል ደብዳቤ ለፖሊስ ጻፋችሁ። ፍሬን በማየቴ ያሸጉብኝ እርስዎ የፍሬን ምስክር አደረጉኝ። ሸራዋ ያለቀባትን መኪና ቦሎ ለጥፎ ያሳለፋት ከእናንተ ማን እንደሆነ ደብዳቤው አላነሳም፤ መቼም ከትሕትና ይሆናል። በዚያ ላይ ከፈቃዱ ሳይወጣ የሠራ ጋራዥ ተብዬ የምስጋና ወረቀት ደረሰኝ፤ ስለተደረገልኝ ክብር ሁሉ እጅ እነሳለሁ።

ሦስተኛ፣ ቅሬታዬ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። የሰጡኝ ፈቃድ እጄን አሰረ እንጂ አፌን አላሰረም። ቶማ፣ ቁም፣ ፍሬን አሳይ ለማለት ብሎን መፍታት አያስፈልግም ነበር። ጋራዤ እንደገና እንዳይታሸግ ፈርቼ ዝም አልኩ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኔው ግን ነቅዞ የሰው እግር ሰበረ። የቶማ ሚስት ቤቴል ስንቅ ይዛ ወደ ጣቢያ ስታልፍ በሬ ላይ ቆም ብላ ሳሮ ትለኛለች፤ እኔ የሰው ሞተር ላይ አቀረቅራለሁ።

ስለዚህ ሞተር የሚያስተካክል ሰው ያገኘውን ሌላ ብልሽት እንዲመረምርና ለባለቤቱ እንዲናገር ይፈቀድለት ዘንድ፣ ይህ ከባድ ከሆነም ቢያንስ ያ ደብዳቤ እንዲነሣ በትሕትና እለምናለሁ። ቢያነሡትም ባያነሡትም ሰኞ ጠዋት ጣቢያ ቀርቤ፣ ፍሬኗ ማለቁን እያወቅሁ እንደሸኘኋት ቃሌን እሰጣለሁ። የሚመጣብኝን እቀበላለሁ፤ ቶማ ግን በእኔ ዝምታ መታሰር የለበትም። የምስጋና ወረቀቱን ከዚህ ጋር መልሻለሁ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ አጭር ስብሰባና የማይደርቅ ማኅተም እየተመኘሁ፣ ከፈቃዱ ወሰን ዝንፍ ሳይል ሰው ያስጎዳው ታዛዥዎ፣
ገበየው፣ ሞተር አስተካካይ
ወላይታ ሶዶ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የክፍልዎ ፒክአፕ ትናንት ሞተሯን ላስተካክል መጥታልኛለች። ሞተሯ አሁን ሸጋ ነው። መሪዋ ግን ስለላላ ከፈቃዴ ወጥቼ ቁልፏን ለሹፌርዎ ከልክያለሁ። ፈቃዴን ሊቀሙኝ ሲመጡ እባክዎ በእግርዎ ይምጡ።