እማዬን በታንኳ

ማክሰኞ

ዛሬም ዞርኩ። በቀኝ ስቀዝፍ ወደ ግራ፣ በግራ ስቀዝፍ ወደ ቀኝ፤ ታንኳው የራሱ ሐሳብ አለው። ጋሽ ሰይድ ዳር ቆመው ሲስቁ ቆዩና፣ "አብሽሪ፣ ሐይቁ የትም አይሄድብሽም" አሉኝ። ታንኳው የሳቸው ነው። ወገባቸውን ስላመማቸው ራሳቸው አይቀዝፉም። ከውጫሌ መጥተን ያረፍነውም እሳቸው ቤት ነው።

እማዬ የምትፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ወንድሜን ብርሃኑን። ባጃጁን ሸጦ ከጠፋ ወዲህ ሐይቁ ዳር ባለው እስጢፋኖስ ገዳም መንኩሷል ይባላል። እዚያ ሴት አይገባም። አጎቴን ልከን ነበር፤ ሲመነኩሱ ስማቸው ስለሚቀየር በድሮ ስሙ የሚያውቀው አጣሁ ብሎ ተመለሰ። እማዬ ግን በውኃው በኩል ተጠግተን፣ ውኃ ሊቀዳ ሲወርድ እናየዋለን አለች። እናየዋለን ስትል አንቺ ታዪዋለሽ ማለቷ ነው። እሷ የዓይን ሞራ ይዟት ጥላ ብቻ ነው የምትለየው።

ረቡዕ

ትንሽ ድል፦ ቀጥ ብዬ ቀዘፍኩ። ችግሩ፣ ወዴት እንደምቀዝፍ አላውቅም። ጉም ነበር። ሐይቁ ዳር የበቀለው ረጅም ደንገል መሀል ገባንና በየት እንደገባን ጠፋኝ። በየትም ብዞር ያው ደንገል ነው። የመኪና ጥሩምባ ይሰማል፤ አስፋልቱ ግን በየት በኩል ነው? ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። እማዬ ቆሎ አውጥታ ሰጠችኝ፤ እሷ አልፈራችም።

ጉሙ ሲገፈፍ ለካ ከተነሣንበት ብዙም አልራቅንም። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ እንኳ አላውቅም። በብርሃኑ ይመስለኛል።

ሐሙስ

ደረስን። መዳፌ ተልጧል፤ ቢሆንም ልጻፈው።

ከገዳሙ ሥር ታንኳው ደንገሉ ውስጥ ተቀረቀረ። ብገፋ፣ ብወዘውዝ፣ እምቢ አለ። ውኃ ሊቀዳ የወረደ አንድ መነኩሴ ጀሪካኑን አስቀምጦ እስከ ወገቡ ገባና ወደ እኛ መጣ። ቆቡን እስከ ቅንድቡ አውርዷል። ጺሙ ረጅም ነው። ቀና ብሎ አላየንም። ውኃው ውስጥ ይጎተት የነበረውን የእማዬን ነጠላ አንሥቶ ጨመቀና ጠቅልሎ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ታንኳውን ከኋላ ገፋልን። እማዬ አመስግና ሳትጨርስ ርቀናል።

"እሱ ነው?" አለችኝ።

አፍንጫው ይመስላል። ትከሻው አይመስልም። ደግሞ ብርሃኑ ውኃ ይፈራል፤ ልጅ ሆኖ ወንዝ ሊወስደው ነበር፣ ከዚያ ወዲህ እግሩን እንኳ አያስነካም። አላወቅሁትም አልኳት። የገዛ ወንድሜን።



ዓርብ

ወደ መናኸሪያ የሚወስደን ባጃጅ ውስጥ ገባን። ሹፌሩ ዞር ብሎ እማዬ ነጠላዋን ጎማው እንዳይዘው ትሰብስበው አለኝ። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ብርሃኑ እማዬን ሲያሳፍር ነጠላዋን ጠቅልሎ ጉልበቷ ላይ ሳያስቀምጥ ሞተር አስነሥቶ አያውቅም። እንዴት ረሳሁት?

የትናንቱን ነገርኳት። ማንም ሰው ቢሆን ያደርገው ይሆናል፣ እርግጠኛ አይደለሁም አልኳት። 

"እኔ እኮ ነጠላዬን የጠቀለልሽው አንቺ መስለሽኝ ነበር" አለች።

አሁን ውጫሌ ነን። እሱ ይሁን ሌላ ሰው እስካሁን አላውቅም። የነጠላዋ ጫፍ የሐይቁ ጭቃ ደርቆበታል። ልጠብልሽ ብላት አልሰጥም አለችኝ።