አባትሽ ዳማው ላይ ወጣ

እንጅባራ
ጥር 25 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለምወድሽ ልጄ ለናርዶስ፣

እንደምን ሰነበትሽ የኔ ዓለም? የአዳማው ሙቀት፣ የመድኃኒት ቤቱ ሥራስ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ብቻ አይደለንም፤ ቆይ ልንገርሽ! በስልክ እንዳልነግርሽ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ ወሬዬን ያበላሽብኛል፣ አባትሽም ከአጠገቤ አይጠፋም። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ወደ አዳማ ለሚሄደው ለምህረቴ ሰጥቼ ልኬልሻለሁ።

አባትሽ ፈረስ ጋለበ! ከትናንት በስቲያ፣ በጥር ሃያ ሦስቱ የፈረሰኞች በዓል፣ ሜዳው ላይ፣ ያ ሁሉ ሕዝብ እያየው!

እንደማታምኚኝ አውቃለሁ። አንቺ የምታውቂው ከአረቄ ቤት ሰው ደግፎ የሚያመጣውን፣ ድምፁን ስትሰማ ትንሿ እህትሽ ሸጋ በጓሮ በኩል ወደ ጎረቤታችን ወደ ማናለብሽ ቤት የምትሮጥለትን ሰው ነው። አንቺ ከሄድሽ በኋላ ደግሞ ባሰበት። ክረምቱ ሲገባ ለፈረሱ ለዳማው እንኳ ድርቆሽ ማቅረብ ትቶ የፈረሱ አጥንት ገጥጦ ወጣ።

ያኔ የፈረሰኞች ማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ እንግዳው መጡ። ምንም ሳይሉ ልጓሙን ይዘው ፈረሱን ከበረት አወጡት። አባትሽ ጮኸ፣ ተሳደበ።

«አልቀማንህም፣ ይኸነው» አሉት አባትሽን በስሙ ጠርተው። «እኔ ቤት ነው የሚያድረው። ጠዋት ጠዋት አረቄ ሳትቀምስ መጥተህ አብላው፣ ጥረገው። ጠጥተህ ከመጣህ ግን በሬን አልከፍትልህም።»

መጀመሪያ እምቢ አለ። ኋላ ሄደ፤ አረቄው ሲሸታቸው መለሱት። በማግስቱ ደግሞ ሄደ። መጠጡን ሲተው እጁ እየተንቀጠቀጠ ላብ ሲያጠምቀው ወደ ጤና ጣቢያ የወሰደው ከማኅበሩ ገብረ ማርያም ነው፤ ሕክምናው እስኪያልቅ አብሮት ተመላለሰ። ገበያ ሲውልም በአረቄ ቤቶቹ በር ብቻውን እንዳያልፍ ከማኅበሩ አንዱ አብሮት ይመለሳል። ለመስቀል ወድቆ ነበር፣ አልደብቅሽም። ሰክሮ በራቸው ላይ ሲቆም ጋሽ እንግዳው ሳይቆጡ «ነገ ና» ብቻ አሉት። ሄደ።

በዓሉ ሲደርስ ልጓሙን በእጁ ሰጡት። ብታይው! እሱ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ዳማው በቀይ ጥልፍ ተሸልሞ፣ አቧራውን እያስነሳ ሲያልፍ! ሸጋ «አባዬ ነው! አባዬ ነው!» እያለች ለማታውቀው ሰው ሁሉ ታሳያለች። እኔም እልል ስል ድምፄ ተዘጋ፤ ዛሬም አልተከፈተም።

ግን ዋናው ወሬዬ ይኼ አይደለም። ከግልቢያው በኋላ የድሮ የመጠጥ ጓደኛው አድማሴ ብርጭቆ ይዞ መጣ። «ለዛሬ እንኳ! አንዲት ብቻ!» አለው። አባትሽ ተቀበለው። እኔ ከሩቅ ሆኜ አየዋለሁ። ብርጭቆውን እያየ ብዙ ቆመ። ከዚያ ሳይቀምስ መለሰለትና ዳማውን እየሳበ በሕዝቡ መሀል ወደ እኔ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ደጊቱ፣ ከዚህ አውጪኝ» አለኝ። «ዛሬ ብቻዬን አልችልም።»

ናርዶስ፣ ይህ ሰው ከተጋባን ጀምሮ እርጂኝ ብሎኝ አያውቅም። እጁን ያዝኩት። በዓሉን ትተን፣ ሸጋን ይዘን፣ በእግራችን ወደ ቤት ጀመርን። ትንሽ እንደሄድን ከኋላችን ኮቴ ሰማን። ዞር ስንል ጋሽ እንግዳው፣ ገብረ ማርያም፣ የማኅበሩ ሰዎች ሁሉ ግብዣውን ጥለው ይከተሉናል!

አባትሽ ደንግጦ በአገውኛ የሆነ ነገር አጉረመረመ። «ምነው ጋሽ እንግዳው፣ በዓሉን ትተው የት ይሄዳሉ?» አላቸው።

«አብረን ወጣን፣ አብረን እንገባለን። ይልቅ ውጣ ፈረስህ ላይ!»

ልክ እንደ ሰርገኛ ታጅበን ሰፈር ገባን! ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ ያየናል። ያልተሰናዳ ቤት ምን ይኖረዋል? ማናለብሽ ድንች ቀቀለች፣ እኔ በሶ በጠበጥኩ፣ እየተሳሳቅን በሚጥሚጣ በላን። ሸጋ አባትሽ ጭን ላይ እንቅልፍ ጣላት። እንዳትነቃበት ብሎ እግሩ እስኪደነዝዝ አልተነሳም።

አሁን ወደ አንቺ ጉዳይ። እጅሽን ሊጠይቁ የሚመጡት የዓለምነው ሽማግሌዎች እኛ ዘንድ ሳይሆን ጫግኒ አጎትሽ ይሄይስ ቤት ይሂዱ ብለሽኝ ነበር። ለምን እንደሆነ አልጠየቅሁሽም። ለአባትሽ ግን ከሌላ ከሚሰማው ብዬ ነገርኩት። እሱም «ልጅቷ እንደፈለገች ይሁን። አጎቷም አባቷ ነው፣ አልቀየምም» አለኝ። እኔም አላስገድድሽም ልጄ። ልብሽ የሚያምነው በራሱ ጊዜ ነው። ብቻ ሁዳዴ ሳይገባ የወሰንሽውን አሳውቂኝ።

አባትሽ ይኸው አሁን ስጽፍልሽ የሳሎኑን ግድግዳ ኖራ እየቀባ ነው። «ምን ታየህ?» ስለው «እንዲሁ ነው፣ ቆሽሾ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ፣ «እንግዲህ ሽማግሌ የሚባል ቢመጣ በየት በኩል ማስቀመጥ ይሻላል?» ብሎ ጠየቀኝ።

ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ፤ ከእጅሽ የወጣ መድኃኒት ሁሉ ለበሽተኛው ፈውስ ይሁነው። ሸጋ ጉንጭሽን ትስማለች።

እናትሽ
ደጊቱ