የሐና መስሚያና የእኔ ግራ ጆሮ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9፣ መርሳ

ሐና ዛሬ ከወልድያ የመጣላትን የጆሮ መስሚያ አድርጋ ክፍል ገባች። እንድናይላት ፀጉሯን ወደ ኋላ አስይዛዋለች! መምህሩ ወዲያው ፊት ወንበር ላይ አስቀመጧት። ቀንቼ ልፈነዳ ነበር። የእኔም ግራ ጆሮ ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ አይሰማም። እናቴ «ለሰው እንዳትናገሪ» ስላለችኝ ግን አምስት ዓመት ሙሉ ግድግዳውን በግራዬ አድርጌ እቀመጣለሁ።

ስመለስ ጎረቤታችን እትዬ ዘነቡ በግራዬ በኩል ሰላም ብለውኝ ኖሮ ዝም ብዬ አለፍኳቸው። ቤት ድረስ ተከትለውኝ መጡ።

«ልጅሽ ኮርታለች! ከብት እንኳ ሲጠሩት ዞር ይላል» አሏት እናቴን። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰክተው ግማሽ ቀን የሚፈልጉት እሳቸው!

«ይቅር ይበሏት፣ ልጅነት ነው» አለች እናቴ። ደንቆሮ ከምባል ባለጌ ብባል ይሻላታል። ሐናን ግን እኚሁ እትዬ ጠዋት መንገድ ላይ «አይዞሽ የኔ ልጅ» እያሉ አገላብጠው ሲስሟት አይቻለሁ።

ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ አልኩና፣ «እትዬ፣ በግራ በኩል አልሰማም» አልኳቸው።

ደነገጡ። «እንደዚያች እንደ ሐና?»

«ከሐና በፊት ነኝ!»

እናቴ እስካሁን አላናገረችኝም።