ቱታው አባትሽን ሰፋው

ማክሰኞ፣ ከምሳ በኋላ

የኔ ዓለም፣ ልጄ፣

እንዴት ነሽልኝ? የነርስነቱ ትምህርት እንዴት ይዞሻል? ስልኬ ስለተበላሸ በአባትሽ ስልክ ነው የማወራሽ፤ እሱ ደግሞ አጠገቤ ቁጭ ብሎ ሁሉን ይሰማል። ስለዚህ ይህን ጻፍኩልሽ። የበረራ አስተናጋጇ ጎረቤታችን ነገ በእጅሽ ታደርስልኛለች።

የለስላሳ ፋብሪካው በየጠዋቱ በቴሌቪዥን የሚያቀርበው የጤና ፕሮግራም ከተማውን ሁሉ እያስዘለለ ነው። ፀጉር አስተካካዩ ሳይቀር በሩ ላይ ወገቡን ይዞ ይሽከረከራል። አባትሽም ስፖርቱን እየመራ በስተርጅና ዝነኛ ሆነልሽ፤ መንገድ ላይ «አሰልጣኝ» ሲሉት ደረቱን ይነፋል። አንቺ የማታዪው ቀረጻውን ነው። ስፖርቱ ሲያልቅ የፋብሪካውን ጠርሙስ ከፍቶ ይጠጣል። መብራት ካንጸባረቀ እንደገና፣ የጠርሙሱ ስም ወደ ካሜራው ካልዞረ እንደገና። አዘጋጁ አዝኖለት «አፍህ ውስጥ ያዘውና በኋላ ትፋው» ቢለው፣ «ሰውን ጠጡ እያልኩ እኔ ልተፋ?» ብሎ ተቆጣ። ታውቂው የለ፣ ችኮነቱን።

ቱታውን የምሰፋለት እኔ ነኝ። ወገቡን አጠበብኩት፤ ብዙም ሳይቆይ ደግሜ አጠበብኩት። ምን ልዋሽሽ፣ መጀመሪያ ደስ ብሎኝ «ሙሽራ ልትሆን ነው እንዴ?» እያልኩ ቀለድኩበት። ከዚያ ጥሙ መጣ። ጆግ ሙሉ ውሃ ጨርሶ ጉሮሮዬ ደረቀ ይላል። ሽንት ቤት መመላለስ ሆነ ሥራው። ባለፈው ሳምንት እዚያው ጥግ ጉንዳን ተሰልፎ አየሁ። በሳሙና አጥቤ አባረርኩት፤ በማግስቱ ተመልሶ መጣ። አያትሽ እግሯ ከመቆረጡ በፊት ቤታችን የገባው ይኸው ጉንዳን ነበር። ፈራሁ ልጄ። መርፌው ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ።

ፋብሪካው ግን በአባትሽ መክሳት ደስታውን አልቻለውም። የማስታወቂያ ኃላፊዋ ቤት ድረስ መጥታ «የፕሮግራማችን ውጤት ይኸውላችሁ» አለችና የድሮውን ሰፊ ቱታውን ጠየቀችኝ። ቅዳሜ በስታዲየሙ፣ በቀጥታ ስርጭት፣ ሁለት እግሩን በቱታው አንድ እግር አስገብቶ ያሳያል አሉ። ከዚያ ትልቁን ጠርሙስ ከልጆች ጋር ጭልጥ ያደርጋል። ቱታውን ተኩሼ የሰጠኋት እኔው ነኝ።

ስኳርህን ተለካ ስለው «እኛ ሐኪም አለን» ይለኛል። ሐኪሙ ያው በቴሌቪዥን «እስከተንቀሳቀሳችሁ ድረስ የወደዳችሁትን ጠጡ» የሚለው ነው። ለብቻው አግኝቼ ጥሙንም ጉንዳኑንም ነገርኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። «ዛሬ ነገ ሳትይ አስመርምሪው እናቴ» አለኝና ዞር ዞር ብሎ አየ። «እኔ ነኝ ያልኩሽ ግን እንዳትይ።» ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

የሚሰማው አንቺን ብቻ ነው። ከቅዳሜ በፊት ደውዪለት። እንደ ነርስ አታናግሪው፣ ይኮራብሻል። እንደ ልጅ ለምኚው። ካስፈለገም አልቅሺበት።

ይህን ስጽፍ አባትሽ ገባ። ላንቺ መሆኑን ሲያውቅ «ሰላምታዬን በእጄ ልጻፍላት» ብሎ ወረቀቱን ቀማኝ። አነበበብኝ ብዬ ክው አልኩ። አላነበበም። ከታች ይህን የሚያህል ባዶ ቦታ እያለለት እኔ የጻፍኩት ላይ ጻፈበት፤ «ደውዪለት» ያልኩሽ ላይ የተደረበው «እኔ ደህና ነኝ» የሱ ጽሑፍ ነው። ሲመልስልኝ «መጋረጃውን ግለጪው እንጂ፣ በዚህ ጨለማ ዓይንሽን ታጠፊያለሽ» አለኝ።

መጋረጃውን ጠዋት ላጥበው አውርጄዋለሁ። ፀሐይዋ ወረቀቱ ላይ ናት።

ክፉ አይንካብኝ ልጄ፣ በሄድሽበት ሁሉ ሞገስ ይስጥሽ። ቅዳሜን አትጠብቂ፤ ይህን እንዳነበብሽ ደውዪ።

እናትሽ