ምሰሶ ላይ ያልተሰቀለው ፎቶዬ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? ያ ሳልሽስ ለቀቀሽ? እኛ ደህና ነን፤ አባዬም ወገቡን ከማማረሩ በቀር ደህና ነው። ይህን በስልክ ያልነገርኩሽ፣ ነገሩ ከበድ ሲል ቶሎ ስለምትዘጊብኝ ነው።

ሰሞኑን አባዬ እንደ ልማዱ በማዘጋጃ ቤቱ መኪና ላይ ቆሞ፣ የዘንድሮ ተመራቂዎችን ፎቶ በዋናው መንገድ የመብራት ምሰሶዎች ላይ ሲሰቅል ዋለ። የሁሉም ልጅ አለ፣ የእኔ ብቻ የለም። ለካ ነዳጅ ማደያው ፊት ያለውን ምሰሶ ለእኔ ብሎ ባዶ ትቶት ኖሯል! ቀጥ ብሎ ትምህርት ቤት ሄደና ጸሐፊዋን፣ ወይዘሮ ሆልበርግን፣ "ልጄን የት ጣላችኋት?" ብሎ ጮኸባት። እሷም ሳቋ እያመለጣት፣ "ኧረ ሮይ፣ ልጅህ ከእኛ አትመረቅም! የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማዋን ኮሌጁ ነው የሚሰጣት" አለችው።

እራት ላይ አፈጠጠብኝ። "ኮሌጅ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው የሁለተኛ ደረጃ ዲፕሎማ የሚሰጠው? ሥጋ ቤት ገብቶ ዳቦ ስጡኝ ማለት እኮ ነው!"

እኔንም መጀመሪያ ገርሞኝ ነበር። ታውቂኝ የለ፣ አንድ ነገር ካልገባኝ እረፍት የለኝም። የኮሌጁን መዝገብ ቤት ሰውዬ በጥያቄ አሰለቸሁት። የሁለተኛ ደረጃን የመጨረሻ ሁለት ዓመታት በትምህርት ቤቱ ፈንታ እዚያ ኮሌጅ ስለተማርኩ፣ የኮሌጁን ስጨርስ የሁለተኛ ደረጃውንም አብረው ይሰጡኛል፤ መጠየቅ ብቻ ነው! "ከድሮው ትምህርት ቤቴ ብወስድስ?" ስለው፣ "ምርጫው ያንቺ ነው" አለኝ።

አባዬ ይህን ሲሰማ ድምፁ ወረደ። "ታዲያ አብረውሽ ካደጉት ልጆች ጋር ብትሰለፊ ምን ነበረበት?" አለኝ። ሳህኖቹን ማንሳት ጀመርኩ።

ለእሱ ያልነገርኩትን መልስ ለአንቺ ልንገርሽ። ወንድሜ ኮልተን ሲመረቅ፣ ከአዳራሹ ውጭ መኪናሽ ውስጥ ተቀምጠሽ አይቼሻለሁ። መስኮቱን ከፍተሽ ስሙ እስኪጠራ ታዳምጪ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ያልገባሽው ለምን እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኛን ትተሽ አብረሽው የሄድሽው የሙዚቃ አስተማሪ የድሮ ሚስት ዛሬም እዚያ አዳራሽ ፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች።

ኮሌጁ ውስጥ ግን ማንም አያውቅሽም። ከጎኔ የሚማረው፣ በዕድሜ አያቴ የሚሆን ሰውዬ እንኳ ስሜን የጠየቀኝ ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ምርቃቱ የሰኔ ሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። እባክሽ እማዬ፣ በዚህኛው እንኳ መኪና ውስጥ አትቅሪ፤ ወደ አዳራሹ ግቢ።

በዚያ እራት ማግስት ጠዋት አባዬ ጫማውን እያሰረ፣ "ስንት መግቢያ ካርድ ሰጡሽ?" አለኝ። "ሁለት" አልኩት። ትንሽ አሰበና፣ "እኔን ከኋላ አስቀምጪኝ፣ እናትሽ ከፊት ትሁን" ብሎኝ ወጣ።

ጤናሽን ያብዛልሽ፣ መንገድሽንም ያቅናልሽ።

ጥያቄዋ የማያልቅ ልጅሽ