የላክኸው ቀጭን ክር

ይድረስ እኔን ተከትለህ ለተወለድከው ወንድሜ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? ሚስትህ፣ ልጆችህ ደህና ናቸው ወይ? እኔ አለሁ፤ እንዲያው አለሁ ለማለት ያህል። አባባም አሉ፤ ዓይናቸው ግን ጨርሶ ከድቷቸዋል፤ በሩን ከመስኮቱ የሚለዩት በንፋሱ ነው። ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። በስልሳ ዓመቱ ፊደል የቆጠረ እጅ ነውና መስመሩ ቢጣመም ችለህ አንብበው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ደጋን ሊገዛ በመጣ ሰው ፊት "የአባባ ደጋን እንደ በቅሎ ይራገጣል" ብለህ ከሄድክ ወዲህ አባባ ስምህን አንስተው አያውቁም። "ያ ሰው" ነው የሚሉህ። ያለፈውን ደብዳቤህን ሳነብላቸው ግን ሳያቋርጡኝ ሰሙ። ፍላጻው ሲለቀቅ እጅ የሚመታው የደጋኑ ጫፎች ስለሚከብዱ ነው፣ ጫፎቹ ይቅጠኑ፣ ክሩም ይቅለል ያልከውን ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ "መላጊያውን ያዢ" አሉኝ። ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ ክር እየገመድኩ መላጊያ እንዳልነካ የከለከሉኝ ሰው! "የሴት እጅ እንጨት ያበላሻል" ይሉ አልነበር? ዓይናቸው ሲጠፋ የእኔ እጅ የወንድ ሆነ።

ዓይናቸው ሳይጠፋ የጀመሩት አንድ ደጋን ቀርቷቸው ነበር። እኔ ጫፎቹን ስልግ፣ እሳቸው በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ "ገና ነው" ሲሉ፣ አራት ቀን ፈጀብን። ጫፎቹ ከሌባ ጣቴ ቀጠኑ። የተልባ እግር ክሩንም ከአሥራ ስድስት ፈትል ወደ አሥራ ሁለት ቀንሼ ገመድኩት። ጓሮ ወጥተን ወረወርኩበት፤ ድሮ እስከ ትከሻዬ ይዘልቅ የነበረው ንዝረት መዳፌ ላይ ቀረ። አባባም "አምጪው" አሉ። እስከ ግማሽ ብቻ ሳቡና ለቀቁት፤ ፍላጻው እዚያው አጥሩ ሥር ወደቀ። "አልመታኝም" አሉ። ጫፉን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱና "ልጁ እውነቱን ነበር፤ ይህን ላኪለት" አሉ። ልጁ አሉህ፤ ያ ሰው አላሉህም።

ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ! ይበልጥ ቢቀልልህ ብዬ ከደብዳቤው ጋር የላክኸውን ቀጭን፣ የማይለጠጥ ክር አሰርኩበት። በሰባተኛው ፍላጻ ጧ አለ። ክሩ እንደ ቢላዋ ገብቶ የላይኛውን ጫፍ አንድ ስንዝር ሰንጥቆታል። አባባ ከውስጥ ሆነው "ምንድን ነው እሱ?" ቢሉኝ፣ "ክሩ ተበጠሰ" አልኳቸው። "ክር ምን አላት፣ ትገመዳለች" ብለው ተመልሰው ጋደም አሉ።

በማግስቱ ደብዳቤህን ባገላብጠው ጀርባው ላይ ጽፈህልኛል ለካ! ይህ ክር ስለማይለጠጥ እንጨት ይበላል፤ ቀድማችሁ ጫፎቹ ላይ ቀንድ ለጥፉ ብለሃል። ወረቀት ጀርባ እንዳለው ለእኔ ማን ነገረኝ? ፊቱን አንብቤ ስጨርስ አርሼ እንደዋልኩ ነው የደከመኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አልክድም። ግን ስትፈርድብኝ ይህንንም ጨምረህ ፍረድ፤ ክሩን ከምትልክ ራስህ ብትመጣ ኖሮ የሚገላበጥ ወረቀትም ባልነበረ።

ደጋኑን እንደተሰነጠቀ ጠቅልዬ በጭነት መኪና ልኬልሃለሁ። አባባ አዲስ ክር ገምጄ ደህናውን የላኩልህ መስሏቸዋል። ሐኪሙ ብዙ አይቆዩም ብሎኛል። እባክህ በፊተኛው ገጽ ላይ "ደጋኑ ደረሰኝ፤ ወረወርኩበት፤ እጄን አልመታኝም" ብለህ ጻፍ። ከራሴ ፈጥሬ እንዳላነብላቸው፣ እኔ ፊደል የማነበው እየተደናቀፍኩ ነው። ያልተጻፈ ሳነብ ምላሴ ይፈታል፤ ያን ጊዜ ያውቁብኛል። ውሸቱን አንተ ጻፈው፣ መደናቀፉን ለእኔ ተወው። የምትሰድበኝ ካለህ ከጀርባው አድርገው፤ አሁን ማገላበጥ ለምጃለሁ።

ሚስትህን ስለ ወገብህ የምትደክመውን ሁሉ ሰምቻለሁ በልልኝ። ትልቋን ልጅህን፣ ፊቷን አይቼ የማላውቃትን፣ ሳምልኝ። ትንሹንም እንደዚያው፤ መላጊያ እንዳይነካ ግን አትከልክለው። ከአባባ የሰላምታ ቃል የለኝም። ጠዋት ማታ "ደረሰው ወይ?" ይላሉ፤ እሱን እንደ ሰላምታ ቁጠረው።

እህትህ
ከአባባ ቤት፣ ክር ከሚገመድበት ክፍል
ጥቅምት 14 ቀን